ስድስት ዓመት የቆመ የጀልባ ሞተር፦ ገመዱ ከመሳቡ በፊት

ሞተሩ ጣና ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ነው፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባበት)፣ በገመድ የሚነሣ። ቤንዚኑ ሳይራገፍ ባሕር ዳር ከተማ ግድግዳ ተደግፎ ስድስት ዓመት ከርሟል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲገኝ ሁሉም መጀመሪያ የሚይዘው ገመዱን ነው። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰውም ያ የመጀመሪያው ስበት ነው፤ የደረቀ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ሲሊንደሩን ይቧጭራል፣ የደረቀ የውሃ ፓምፕ ጎማ ይቆረጣል፣ ሙጫ የሆነ ቤንዚን ወደ ውስጥ ይሳባል። ሞተር ሲቆም ቶሎ የሚያረጀው ጎማውና ቤንዚኑ እንጂ ብረቱ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው እነሱ ላይ ያረፈው ለዚህ ነው።

ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት እሳት ሰጪዎች) ወጥተው በየቀዳዳው 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ግማሽ የቱ ስትሮክ ዘይት ግማሽ ናፍጣ፣ ተንጠባጠበና አደረ። በማግስቱ ማርሹ ፎሌ (ነጻ) ላይ ሆኖ ቮላኖው (ከሞተሩ አናት ያለው ከባድ መዘውር) በእጅ ተሞከረ፤ ከላይ ሲታይ በሰዓት አዟዟር ብቻ፣ ወደ ኋላ ከዞረ የውሃ ፓምፑ ክንፎች ይታጠፋሉና። አልዞር ካለ በረጅም ቁልፍ መታገል ፋሻ ያሰብራል፤ ዘይቱን ጨምሮ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ ይሻላል። ይህኛው በሁለተኛው ቀን ዞረ፤ መጀመሪያ እየተንቀራፈፈ፣ ከአራት አምስት ዙር በኋላ ለስለስ ብሎ።

ቀጥሎ ኮረንት። የድንገተኛ ማጥፊያው ክሊፕ፣ ነጂው እጁ ላይ የሚያስረው ቀይ ገመድ ጫፍ ያለችው ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ካልተሰካ ካንዴላው ላይ ምንም አይታይም። በዚህች ብቻ ምክንያት «ሲዲአይ (ለካንዴላው ኮረንት የሚልከው ሳጥን) ሞቷል» ተብሎ ብዙ ሞተር ይፈታል። ሙከራው ሲደረግ የካንዴላው አካል ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ መነካካት አለበት፤ አየር ላይ አንጠልጥሎ መሳብ ደህናውን ሲዲአይ ሊያቃጥል ይችላል። ከካንዴላው ቀዳዳም ራቅ ይደረግ፣ ከውስጥ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። የታችኛው ሲሊንደር እሳት ቀላ ያለና ደካማ ነበር፤ ሰበቡ ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰረው የመሬት ሽቦ ዝገት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲታሰር ሰማያዊ ሆኖ ጠጠር ያለ ድምፅ ሰጠ። አዲስ ካንዴላ ሲገባ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ 10 ካለ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በእጅ እስኪደርስ ጠምዝዞ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) የተለካው ሁለቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ክሊፑ ተነቅሎ፣ ጋዙ (የፍጥነት መስጫው) እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ገመዱ አምስት ስድስት ጊዜ ተስቦ ነው። ላይኛው 104፣ ታችኛው 108 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አይቶ ሞተሩን ሊፈታ ይነሣል። ጣና ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ቦታ 130 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 105 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበው የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ፋሻ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ) ይጠረጠራል።

ወደ ቤንዚኑ። የካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ሳህን ሲፈታ ከታች ቡናማ፣ ግልጽ፣ እንደ ደረቀ ማር ጥፍር የሚይዝ ነገር ተጋግሮ ነበር፤ ሽታውም የቤንዚን ሳይሆን የቀለም ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን ከዚህ በላይ ውሃ ይስባል፣ የአሉሚኒየሙን ሳህን በነጭ ዱቄት ይበላዋል። ከመፍታት በፊት የአይድሉ (ጋዝ ሳይሰጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ቪስ ቀስ ተብሎ እስኪቆም እየጠበቀ ስንት ዙር እንደገባ ይጻፋል፤ ይህ አንድ ተኩል ዙር ነበር። አጥብቆ መጫን የቪሱን ሹል አፍ ያበላሻል። ጂግለሮቹ (ቤንዚኑን የሚመጥኑት ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ብሎኖች) በካርቡራተር ማጽጃ ሌሊቱን ተነክረው በአየር ግፊት ተነፉ። ትንሹን የአይድል ጂግለር አንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይበቃዋል፤ የብረት ሽቦና መርፌ አይግባበት፣ ቀዳዳው በፀጉር ስፋት ቢሰፋ ልኩ ይጠፋል። ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ሲታይ ክብ ሆኖ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ቀዳዳው ጨረቃ መስሎ ከታየ ገና አልጸዳም።

የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ነበር። ይህ ሽፋን የሚሠራው ከክራንክ ቤቱ (ከፒስቶኖቹ ሥር ካለው ክፍል) በሚመጣ የአየር ምት ነው፤ ካልተለጠጠ ቤንዚን አይመጣም። ተለወጠ። የቤንዚኑ ቱቦም፣ በእጅ የሚጨመቀው ኳስም (ቀስቱ ወደ ሞተሩ ይታይ)፣ ማጣሪያውም አብረው ተለወጡ። ዋጋቸው ከአንድ ፒስቶን ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሮጌው ቤንዚን በጄሪካን ተይዞ ይወገዳል እንጂ ሐይቁ ዳር አይደፋም።

የውሃ ፓምፑን ጎማ ሳይለውጡ ሞተሩን ማስነሣት የለም። የታችኛው ክፍል ሲወርድ የማርሽ ዘንጉ መያያዣ አስቀድሞ ይላቀቃል፤ ማርሹ የት ላይ እንደነበረም ምልክት ይደረጋል። ጎማው ሲወጣ ክንፎቹ ስድስት ዓመት በተጫኑበት ጎን ተጣመው ቀርተዋል፤ በጣት ሲገፉ አይመለሱም፣ መሠረታቸው ላይም ስንጥቅ አለ። እንዲህ ያለ ጎማ መጀመሪያ ውሃ ይረጫል፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ክንፍ ይቆረጥና ቁራጩ ወደ ላይ ወጥቶ የማቀዝቀዣውን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የጎደለ ክንፍ ካለ ቁራጩ እስኪገኝ ይፈለጋል። አዲሱ በሳሙና ውሃ ረጥቦ፣ ዘንጉ በሰዓት አዟዟር እየዞረ ይገባል፤ ግራሶ አይቀባም። ዘንጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ የመሰለች ብረት አደራ፣ ከጠፋች ዘንጉ ይዞራል ጎማው ግን ይቆማል። የውሃ መግቢያው ወንፊት በደረቀ ደለልና በእምቦጭ ሥር ተደፍኖ ነበር፤ ክረምት ላይ ጣና ሲደፈርስ የሚሠሩ ሞተሮች ሁሉ እዚህ ጋ ይታዩ።

የማርሽ ዘይቱ ወተት መስሎ ወጣ፣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ፕሮፔለሩ ሲወልቅ መልሱ ተገኘ፦ ከኋላው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ናይለን፣ ግሎ ጠንክሮ የዘይት ማገጃ ጎማውን ቆርጦታል። የዓሣ መረብ በሚበዛበት ውሃ ፕሮፔለሩ በየወሩ ቢወልቅ አይበዛበትም። ማገጃው ከተለወጠ በኋላ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ፣ ከላይኛው አረፋ የሌለው ዘይት እስኪፈስ ተሞላ፤ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የላይኛው ብሎን ይዘጋል፣ ከዚያ ቱቦው ተነቅሎ የታችኛው፤ እንዲህ ሲሆን ዘይቱ ሳይፈስ ይጠብቃል።

ድብልቁ፦ ለብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች 50 ለ 1 ነው፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለመጀመሪያው 5 ሊትር ግን 25 ለ 1 ተደርጎ 200 ሚሊ ሊትር ገባ፤ ደርቆ የከረመ ኩሽኔታ ትርፍ ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። ለሞተር ሳይክል የሚሸጠው የቱ ስትሮክ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ ለሚግል ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዘው ውስጥ አመድ ይተዋል፣ ፋሻ ያጣብቃል።

መነሻው 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ሆነ፣ ፕሮፔለሩ ወልቆ፣ ደጅ ላይ። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው ጠፍጣፋ ክንፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የታንኩ ክዳን አየር ማስገቢያ ተከፈተ፣ ኳሱ እስኪጠነክር ተጨመቀ፣ ቾክ (ለመነሻ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው) ተሳበ። ገመዱ መጀመሪያ እስኪይዝ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በአንዴ። በዘጠነኛው ስበት ተነሣ። ጭሱ ነጭና ብዙ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባው ዘይት እስኪነድ ነውና አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው የውሃ መውጫው ነው፤ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ውሃ ካልረጨ ሞተሩ ይጥፋ። ይህኛው ረጭቶ ቀነሰ፤ ቀዳዳው በቀጭን ሽቦ ሲወጋ ደረቅ ጭቃ ተተፍቶ ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ችግር ታየ። አንዱ፣ ደቂቃ ሠርቶ መጥፋት። ኳሱ በእጅ ሲጨመቅ የሚቀጥል ከሆነ ፓምፑ ነው፤ ኳሱ ጠፍጥፎ ከተሰበሰበ ታንኩ አየር አላገኘም። እዚህ ክዳኑ ዝጎ ነበር። ሁለተኛው፣ ያለ ቾክ አለመሥራት። ይህ ቤንዚን አነሰው ማለት ነው፤ ወይ የአይድል ጂግለሩ አልጸዳም፣ ወይ አየር በሌላ በኩል ይገባል። የሳሙና ውሃ በካርቡራተሩ ሥር ሲረጭ ድምፁ ተለወጠ፣ ጓርኒሲዮኑ ተሰንጥቋል። «በቾክ ይሠራል» ብሎ ሐይቅ ላይ መውጣት ፒስቶን ማቃጠል ነው፤ ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነውና ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል።

ሐይቅ ላይ፣ ዳርቻውን ሳይለቅ፣ መቅዘፊያ ተይዞ አንድ ሰዓት ተሠራ፤ ጋዙ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሙሉ ጋዝ ከአንድ ደቂቃ ሳያልፍ። ካንዴላዎቹ ጥቁርና ረጠብ ብለው ወጡ። የመጀመሪያው ድብልቅ ዘይት ስለበዛበት ግማሹ ከዚያ ነው፤ ግማሹ ግን ከፍታው ነው፣ አየሩ ስስ ሲሆን ቤንዚኑ ይበዛል። 40 ፈረስ ጉልበት ጣና ላይ 33 ገደማ ነው የሚሆነው። በ50 ለ 1 ጥቂት ሰዓት ሠርቶም ካንዴላው የተቆላ ቡና መልክ ካልያዘ፣ ዋናው ጂግለር አንድ ቁጥር ይቀነሳል። የተቀነሰው ቁጥር ሽፋኑ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ ሞተሩ ተሸጦ ከጣና ዝቅ ወዳለው የጋምቤላ ባሮ ወንዝ ወይም ጫሞ ሐይቅ ከወረደ ያ ጂግለር ቤንዚን ያሳንሰዋል፣ የሚገዛውም ሰው ይህን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።