«እኔ ተቀባይ ነኝ»

ዛሬ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ልከፍል ሄጄ ሲስተም ጠፋ። (ሁሌ የሚጠፋው የእኔ ተራ ሲቃረብ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።)

ከፊቴ አንድ ጡረተኛ አባት ነበሩ። ሲሰለቻቸው ከፌስታላቸው የድሮ ደረሰኞች አውጥተው ማገላበጥ ጀመሩ። በዓመተ ምህረት ደርድረው በላስቲክ አስረዋቸዋል። የታችኞቹ በካርቦን የተጻፉ ናቸው፤ ቀለሙ ደብዝዞ ቁጥሩ በጭንቅ ይነበባል። አንዷን መዝዘው አሳዩኝ። «ይቺን የከፈልኩ ቀን በተረፈኝ ሥጋ ገዝቼ ነው የገባሁት።» የዘንድሮውን ወረቀት አላሳዩኝም። ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ በእጃቸው ይነካኩታል።

ሲስተሙ መጣ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ብሩን ከመስጠታቸው በፊት «ልጄ፣ የሰፈራችን ቦይ መቼ ነው የሚሠራው?» አሏት።

ልጅቷ አልተቆጣችም። «አባባ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ እንጂ አውጪ አይደለሁም።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ስቀው ከፈሉ። ደረሰኙን ከድሮዎቹ ላይ ደርበው ላስቲኩን አጠበቁት።

የአዲስ አበባ በጀት በ2016 ዓ.ም. 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በ2017 ወደ 230፣ በ2018 ወደ 350 ቢሊዮን ደረሰ። እርግጥ ብሩም ያው ብር አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ የት እንደደረሰ እናውቃለን፤ ከተማውም ሲሚንቶ የሚገዛው በዛሬ ዋጋ ነው። ይገባኛል። ግብር አይከፈል የምልም ሰው አይደለሁም። ግን አብዛኛው በጀት ከነዋሪው ኪስ ነው የሚሰበሰበው። መቀበያ መስኮቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ቦዩ የሚጠየቀው በየትኛው ነው?