የዓርብ ጥብስ

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ግን ጢም ብሏል። በዓለ ሃምሳ ነዋ፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት! እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም። እንዲያም ሆኖ ጥብሱ ሲቀርብ እጄ ለአፍታ ቆም አለ። ልማድ ነው መቼስ።

እንደኔ እንደኔ ከ55ቱ የጾም ቀናት ይልቅ 50ዎቹ የደስታ ቀናት ይከብዳሉ። ሁዳዴ ሰዓት አለው። ቅዳሴ እስኪወጣ ትጠብቃለህ፤ ሆድህ ራሱ ያስታውስሃል። አሁን ማን ያስታውስህ?

ወደ ሰፈር ስመለስ ጎረቤታችንን እማማን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዘንቢል አንጠልጥለዋል። የተቆረሰ ድፎ ዳቦ፣ በሰሃን የተከደነ አልጫ፣ አንድ ሳሙና።

"ወዴት ነው እማማ?"

"እዚያች አልጋ የያዘችው ዘንድ ነዋ። ፋሲካ መች አለቀ ልጄ!"

ለካ በሁዳዴም ሲመላለሱ ነው የከረሙት። ያኔ ሽሮ፣ አሁን አልጫ፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ዘንቢሉን ተቀብዬ ተከተልኳቸው። እሳቸው እግሯን ሲያጥቡ እኔ ውኃ አፈሰስኩ። ሴትዮዋ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ስታስቀን ዋለች።

ስንወጣ ሥራ ተከፋፈልን። ነገ ቡናውን እሳቸው ያመጣሉ፣ ስኳሩ የኔ ነው።