«ባዶ ነው» የተባለው ዲስክ

ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ፎቶ አንሺ ቀና ብሎ የሚሄደው ያኔ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስተው ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጡት ደንበኛችን ግን ሱቃችን ሲገቡ ፊታቸው ሠርግ ሠርግ አይልም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፎቶ ቤታቸው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሳም አለ። አዲስ አበባ ላለው የወንድማቸው ልጅ ላኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ገልብጦ፣ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ መለሰላቸው። የፋይሉ ስም መጨረሻው «አይኤምጂ» ይላል። ቤታቸው ላፕቶፕ ላይ ከፍተው ሁለቴ ሲጫኑት ግን ዊንዶውስ «ፋይሉ ተበላሽቷል» አላቸው።

«የስንት ሰው ሠርግ ነው እዚህ ውስጥ ያለው፣ ልጄ» አሉኝ።

ዊንዶውስ አይኤምጂ የሚል ፋይል ሲያይ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ቅጂ ይመስለዋል። የጠበቀውን ሲያጣ ተበላሽቷል ብሎ ይገላገላል። ይሄ ግን የሃርድ ዲስክ ጥሬ ቅጂ ነው። ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ ባዶውም ቦታ ሳይቀር፣ ተራውን ጠብቆ የተገለበጠ። እህሉን ብቻ ሳይሆን ጎተራውን ከነግድግዳው ነቅሎ እንደማምጣት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት መጠኑን ነው። 500,107,862,016 ባይት ይላል። ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ሲነካካ የዋለ ሰው ይቺን ቁጥር ያውቃታል፤ ዲስክ የሚከፋፈልባት ትንሿ ቁራጭ ሴክተር ትባላለች፣ እዚህ 512 ባይት ትይዛለች፤ 976,773,168 ሴክተር በ512 ሲባዛ የሚመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ቅጂው መሃል ላይ አልተቆረጠም። እሳቸው ደግሞ ላፕቶፓቸው ፋይሉን 465 ጊጋ ነው ብሎ ስላሳያቸው «35 ጊጋ የት ገባ?» ብለው ተጨንቀው ነበር። አምራቹ በ1000 ያባዛል፣ ዊንዶውስ በ1024 ያካፍላል፤ የጠፋ ነገር የለም።

እኔ ሌላ ደንበኛ ሳስተናግድ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ተቀበለኝ። እጁ ፈጣን ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ባለው ላፕቶፕ ላይ ፋይሉን ከ1,048,576ኛው ባይት ጀምሮ ከፈተው። ይህ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ በየቦታው አለ። ዛሬ ዛሬ አብዛኛው ዲስክ የመጀመሪያ ፓርቲሽኑ (ዲስኩ የሚከፈልበት ክፍል) የሚጀምረው ሴክተር 2048 ላይ ስለሆነ ነው። ተከፈተለትም። ውስጡ ግን ዊንዶውስ የሚነሳባቸው ጥቂት ፋይሎች እንጂ አንድ ፎቶ የለም።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው» አላቸው።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት በቁም ለሰው ይነገራል! ሰውዬው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ውሃ አምጣላቸው አልኩትና ላፕቶፑን ወደ እኔ ዞር አደረግኩት።

የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ አለ። ኤፍዲስክ የምትባለው ትንሽ ትእዛዝ ፋይሉን ራሱን ሰጥተዋት ታነብልዎታለች። ስናየው ፓርቲሽኑ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው 100 ሜጋባይት ብቻ፤ ዊንዶውስ 7 ሲጫን ለራሱ የሚቆርሳት ናት። ሁለተኛው ሴክተር 206848 ላይ ይጀምራል፣ የቀረውን ሁሉ እሱ ይዞታል። በ512 ሲባዛ 105,906,176 ይመጣል። በዚህ ቁጥር፣ ሪድ ኦንሊ አድርገን፣ ማለትም እንዲነበብ ብቻ እንጂ እንዳይጻፍበት፣ ከፈትነው። የሙሽሮች ስም የተጻፈባቸው ፎልደሮች ተደርድረው መጡ።

ሪድ ኦንሊ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በወጉ ሳይዘጋ በድንገት የጠፋ ዲስክ ቅጂ ሲከፈት ሲስተሙ ላስተካክል ብሎ ውስጡ ሊጽፍበት ይችላል። ዋናው ዲስክ እየሞተ ነው፤ በእጃችን ያለው ይሄ ብቻ ነው።

ቤቱ ሊኑክስ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ቁጥር ማባዛት አይጠበቅበትም። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ፋይሉን በእሱ መክፈት ይበቃል። ፓርቲሽኖቹን ይዘረዝራል፣ ገባ ብሎ የፈለጉትን መገልበጥ ነው። ዝርዝሩ ላይ ትልቁን ይምረጡ እንጂ መጀመሪያ የተጻፈውን አይደለም። ፋይሉን ራሱን ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወር ከተፈለገ ደግሞ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ዲስክ አይሆንም፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም።

ሁሉም ፎቶ ደህና ነበር ማለት አይደለም። ዲዲሬስኪው ማንበብ ያቃተውን ሴክተር ክፍቱን ይተወዋል። እዚያ ላይ የወደቀ ፎቶ ሲከፈት ከላይ የሙሽራዋ ቬሎ ይታያል፣ ከወገብ በታች ግራጫ ነው። ዲዲሬስኪው የትኛው ቦታ እንዳልተነበበ የሚመዘግብበት ትንሽ የማፕ ፋይል አለችው፤ የወንድማቸው ልጅ እሷንም አብሮ ልኳት ነበር። ዋናውን ዲስክ እንዳይጥለው ደውለው እንዲነግሩት አደረግኩ። ማፕ ፋይሏ ካለች ያልተነበበውን ብቻ እንደገና መሞከር ይቻላል።

ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ገልብጠን ስንጨርስ ሂሳብ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ወደ ልጁ ዞር ብለው ቆይተው፣

«የለቅሶዬን ቀንሱልኝ» አሉ።

ቀነስንላቸው። ከልጁ አበል ላይ።