ስሊቭ ወይስ ባይፓስ? እኔ እንዴት እንደወሰንኩ

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያውቁኝ ሴቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «ስኳር አለብሽ? ቃርስ ያስቸግርሻል?» እላቸዋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓይነቶች፣ ከስሊቭና ከባይፓስ፣ ለማን የትኛው እንደሚሻል በአብዛኛው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 102 ኪሎ ነበር። ኪሎውን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለቴ ስታካፍሉት ቢኤምአይ የሚባለው ቁጥር ይወጣል። የእኔ 40 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ቀዶ ሕክምናን ይመክራል፣ ሌላ ሕመም ባይኖርም። ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይመክራል። እኔ ስኳሩም ነበረብኝ። መድኃኒት እየዋጥኩ እንኳ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የቆየ ቃርም ነበረኝ።

አዲስ አበባ ያማከርኩት ሐኪም ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ስሊቭ ከጨጓራው እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል፣ አንጀት አይነካም። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ቃርን ግን ሊያባብስ ይችላል። ባይፓስ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ይሠራና ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኘዋል። ቃርን ያስታግሳል፣ ስኳርን በመቆጣጠርም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጨጓራን ከላይ የሚያጠብቀው ቀለበት ዛሬ ብዙም አይሠራም። ጨጓራ ውስጥ የሚነፋው ፊኛ ደግሞ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይወጣል።

ባይፓስን መረጥኩ። ቀኑ ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ያህል እንጀራና ዳቦ ቀነስኩ። ጨጓራው ላይ የተኛው ጉበት ካልሟሸሸ ሐኪሙ በካሜራ ሲሠራ ይጋርደዋል።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲሱ ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የቡና ሲኒ ግማሽ ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ «ስሞትልሽ፣ ይቺን ብቻ» ተብሎ ጉርሻ አይመለስም። እናቴ የመጀመሪያ ሰሞን ሳህኔን እያየች ታለቅስ ነበር። ስለዚህ ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። እኔ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ እየወሰድኩ፣ እያላመጥኩ እበላለሁ። መጀመሪያ ፕሮቲኑ ነው፤ እንቁላል፣ እርጎ፣ የተፈጨ ምስር። እንጀራው በኋላ ይመጣል። ውኃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ስኳር የበዛበት ሻይ ከጠጣሁ ልቤ ይመታል፣ ላብ ያሰምጠኛል።

ጾሙ አሳስቦኝ ነበር። ያለ እንቁላልና ወተት በዚያች ከረጢት በቂ ፕሮቲን ማግኘት በጣም ይከብዳል። የንስሐ አባቴን ሳማክር፣ «ልጄ፣ በሽተኛ አይገደድም» አሉኝ። እፎይ አልኩ።

ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም። ብረቱንና ካልሲየሙን አንድ ላይ አልውጥም፣ ሁለት ሰዓት አራርቃቸዋለሁ። ቡናም ከብረቱ ጋር አይሄድም። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ክልክል ናቸው፣ ቁስለት ያመጣሉ። የአገራችን አረቄ ደግሞ ከባይፓስ በኋላ ቶሎ አናት ላይ ይወጣል። መጠጥ ለማቆም ለሚቸገር ሰው ይህ ከባድ አደጋ ነው፤ ቀድሞ ለዚያ ይታከም።

ክትትሉም አያልቅም። በየጊዜው ደም መመርመር አለ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚመጣ ሰው የመመላለሻው ወጪ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

የእኔ ስኳር አሁን ያለ መድኃኒት ልክ ላይ ነው። ሊመለስ ስለሚችል ግን የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ማሠራቴን አላቋረጥኩም።

አሁን ተራው የአክስቴ ልጅ ነው። ስኳርም ቃርም የለባትም፣ ስሊቭ ሊስማማት ይችላል። ግን አንድ ልጅ መድገም ትፈልጋለች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ማርገዝ አይመከርም። ቀጠሮዋ ላይ አብሬያት እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ የምንጠይቀው የቱ ይቅደም የሚለውን ነው።