የትኛው መስመር ነው የጎረበጠዎት?

ለአንድ የሳይንስ ጆርናል የጥናት ጽሑፍ ልኬ ነበር። ጆርናሉ እንዲገመግመው የሰጠው ባለሙያ፣ የገምጋሚው አስተያየት አንድ መስመር ናት፦ «ጽሑፉ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው በሆነ ሰው ይታይ።» ስለ ናሙናው፣ ስለ ትንተናው ትንፍሽ አላለም። እኔም «እባክዎ የጎረበጠዎትን መስመር ይጠቁሙኝ» ብዬ መለስኩ። የቋንቋ አርትዖት ድርጅቶቹ የሚያስከፍሉት በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ከየት ይመጣል?

ይሄ እንኳ ይሻላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ዋን ለተባለው የሳይንስ ጆርናል ጽሑፍ የላኩ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች፣ አንድ ሁለት ወንድ ባዮሎጂስት ፈልገው አብረው እንዲሠሩ በገምጋሚ ተመክረዋል። ጉድ እኮ ነው! ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ጆርናሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ገምጋሚውንም ከዝርዝሩ ፋቀ።

ክፍያውማ ሌላ ጣጣ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው ታዋቂ ጆርናል ላይ አሳትሞ በነፃ ለማስነበብ 9,500 ዩሮ ይጠየቅ ነበር። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑት ጆርናሎች ላይ ነው። ከፊሉ በክፍያ የሚነበብ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምሕረት የለም።

ለማንበብ ሂናሪ አለልን፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ለድሃ አገር ተቋማት የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያስነብብ ፕሮግራም። የሚገባው ግን በተቋም የይለፍ ቃል ነው። የእኛን የይለፍ ቃል የያዘው ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።