አንድ ኮምፕሬሰር ለመግዛት ያየሁት ፍዳ

የአሜሪካ ጦር ብር ስላለው የፈለገውን በማግስቱ የሚገዛ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ የጦር ሰፈር የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ሲቪል ሠራተኛ ሆኜ ስገባ ነው የነቃሁት።

ጁላይ ላይ አየር የሚጨምቀው ኮምፕሬሰራችን ተበላሸ። አለቃዬ ወረቀቱን ለእኔ ጣለልኝ። አዲሱ ከአየር ማድረቂያው ጋር 14,000 ዶላር ገደማ ነው፤ በመንግሥት የግዢ ካርድ በቀጥታ መግዛት የሚቻለው ደግሞ ያኔ እስከ 10,000 ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ የግዢ ቢሮ ይሄዳል፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ደግሞ የእኛን ጋራዥ በር እንኳ ረግጠው አያውቁም።

እኔ ብልጥ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ለሁለት መክፈል ነው፦ ኮምፕሬሰሩን ዛሬ፣ የአየር ማድረቂያውን በሚቀጥለው ሳምንት። ካርዱን የያዘችው ሴትዮ ሳቀችብኝ። ከገደቡ ለማምለጥ ግዢ መከፋፈል ክልክል ነው፣ ካርዷንም ትነጠቃለች። እሺ ብዬ ጥያቄውን ጻፍኩ። ተመለሰ፤ ዕቃው በመንግሥት ክምችት ውስጥ አለመኖሩን አላጣራሁም። አጣርቼ ላክሁ፣ አሁንም ተመለሰ፤ የአሮጌውን ብራንድ ስም ገልብጬ ስለነበር "ለምን ይኼ ብቻ?" ተባልኩ። እውነታቸውን ነው። አገር ቤትም ጨረታ በአንድ ድርጅት ልክ ሲሰፋ ያየ ሰው ይገባዋል።

በዚህ መሀል ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። በ1961 የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራ የጋራ ዕቃዎችን ግዢ በአንድ ኤጀንሲ ሥር የሰበሰበው እያንዳንዱ ጦር ያንኑ ዕቃ ለየብቻው ይገዛ ስለነበር ነው። ስለዚህ ማዕከላዊነቱ ከሰማይ የወረደ እርግማን አይደለም። ግን በ2016 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ማርክ ሚሊ ራሱ ለአንድ ሽጉጥ 367 ገጽ መስፈርት ተጻፈ ብሎ በአደባባይ አማረረ። አራት ኮከብ የደረበ ሰው እንዲህ ካለ እኔ ማን ነኝ? በ2018 ደግሞ የፔንታጎንን የግዢ የበላይ ቢሮ ለሁለት ከፈሉት። እኛ ጋራዥ የደረሰ ነገር የለም፣ ምናልባት በኢሜይል ግርጌ ያለው የቢሮ ስም ተቀይሮ ይሆናል።

መላው የተገኘው መካኒኩን ይዤ ራሴ ቢሮው ስሄድ ነው። ውል የምትፈርመው ኦፊሰር ምን ያህል አየር፣ በምን ግፊት፣ በቀን ስንት ሰዓት እያለች ጠየቀችን፣ እሱ መለሰ፣ እኔ ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ስድስት ሳምንት ሙሉ በኢሜይል ስንጓተት የከረምነው ለዚህ ነበር! ከዚያ ወዲህ "ወረቀቱን ላክልኝ" ሲሉኝ ዕቃውን የሚነካውን ሰው አስከትዬ በእግሬ እሄዳለሁ።

ኮምፕሬሰሩ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 25 ገባ። ሁላችንም ከበን ካርቶኑን ቀደድን። ስሪ ፌዝ ነው። የጋራዡ የመብራት መስመር ሲንግል ፌዝ ነው፤ አያስነሳውም። ኦፊሰሯ ስለ መብራት አልጠየቀችም፣ መካኒኩም አላነሳውም፣ እኔም ኤሌክትሪሻኑን ማስከተል ትዝ አላለኝም።

መስመር ለማስቀየር አዲስ ጥያቄ ጻፍኩ። ተመለሰ፤ የሕንፃ ጉዳይ የሌላ ቢሮ ነው።