የሐረር ሆሳዕና፤ በቁም የሚሰማ ፍትሐት

ሐረር የገባሁት በሆሳዕና ዋዜማ ነው። ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሙቀቱ ደንገጎ አቀበት ላይ ይቀራል። ከዚያ ሐሮማያ፣ አወዳይ፣ ከዚያ ሐረር። ማታ ጋቢ ያስፈልጋል።

የሄድኩት ለፍትሐት ዜማ ብዬ ነው። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። ሳምንቱ የጌታ መከራ ብቻ የሚታሰብበት ነው፤ ካህናት መስቀል እንኳ አያሳልሙም። በእነዚያ ቀናት የሞተ ሰው ያለ ፍትሐት ይቀበራል። ስለዚህ ሆሳዕና ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመጣው ሕዝብ ሁሉ ፍትሐቱ ቀድሞ ይደረግለታል። ቆማችሁ የራሳችሁን ትሰማላችሁ። ይህን ሥርዓት በጣም እወደዋለሁ።

በማለዳ ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ፣ መድኃኔዓለም ደረስኩ። ሰዉ ዘንባባ በመስቀል አምሳል ሠርቶ ግንባሩ ላይ አስሯል። ልጆች ቀለበት ይጎነጉናሉ። ዑደቱ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ በአራቱም አቅጣጫ ወንጌል ይነበባል። ደስ የሚል ግርግር ነው።

ቅዳሴው አልቆ ዘንባባው ከታደለ በኋላ ብዙ ሰው ወጣ። ይህ ያሳዝነኛል። ትልቁ ነገር ገና አልተጀመረም ነበር። ካህናቱ ግንዘቱን፣ የፍትሐቱን መጽሐፍ፣ ማንበብ ሲጀምሩ ግቢው ዝም አለ። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ የሰው ድምፅ ብቻ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። የለቅሶ ቤት ሙሾ ሟቹን በስም እየጠራ አንጀት ይበላል። ፍትሐት ግን አያለቅስም። ይለምናል፤ ያውም ሳይቸኩል። ቃሉ ግእዝ ነው፣ አብዛኛው ሰው አይከታተለውም። «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲባል ግን ሁሉም አንድ ላይ ይቀበላል። አጠገቤ የነበሩ እናት አንድ ጎረምሳ ሊወጣ ሲል እጁን ያዙት። «ቁም ልጄ፣ ይሄ ያንተ ነው» አሉት። ቆመ።

ከሰዓት አንድ መሪጌታ አገኘሁ። መዋሥዕት የተማሩት ጋይንት፣ ዙር አባ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደረሳቸው ከሚባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት አንዱ መዋሥዕት ነው፤ ከድጓ፣ ከጾመ ድጓ፣ ከምዕራፍና ከዝማሬ ጋር። ለሙታን የሚዜመው እሱ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ሰው ምስክርነት የሚያገኝበት ጉባኤ ቤት ደግሞ ዙር አባ ነው። መሪጌታው ትንሽ አዜሙልኝ፤ ድምፃቸው አርጅቷል፣ ዜማው ግን ንቅንቅ አላለም። ሥርዓቱ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ቦታ እያረፈ እንዲጸለይለት ነው። «አሁን በመኪና ነው፤ የት ይቆማል? ቤተሰቡም ‹አባ፣ ቶሎ ይለቅልን› ይላል» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ከፍቷቸው ነው። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ለሰርግ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ለእናቱ ፍትሐት አንድ ሰዓት ሊያጣ አይገባም።

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ በቅዱስ ሚካኤል በኩል አለፍኩ። ራስ መኮንን የተቀበሩት እዚያ ነው። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ ነው ያረፉት። አስከሬናቸው ወደ ሐረር የመጣው እኔ ከመጣሁበት አቅጣጫ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ስንት ቦታ ቆመው አዚመውላቸው ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ስወርድ ድንኳን አየሁ። አንዲት አሮጊት ሌሊት አርፈዋል። ሐረር ውስጥ ለቅሶ የሃይማኖት አጥር የለውም። ሙስሊም ጎረቤቶች ወንበር ይደረድራሉ፣ ውኃ ያመላልሳሉ፤ አፎቻ፣ የሐረሪዎችን የመረዳጃ ማኅበር፣ የለመደ ሰው ሐዘን ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። አስከሬኑ ሲወጣ ሙሾ አለ፣ የካህናት ዜማ ግን የለም። አንድ እንግዳ ግራ ገብቶት «ፍትሐት የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ትናንት መድኃኔዓለም ነበረች» አለው ልጃቸው። «እስኪያልቅ ቆማለች።»